በአካል መቅረብ ስለማልችል

ፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ከጃንጥላዬ ሥር፣
ሃያ ሁለት ዓመቴ የሰው አቤት ስሰፍር።
«ጉዳዩ፦» ብዬ ነው ማለዳ የምጀምር፣
«ከሰላምታ ጋራ» ብዬ ነው የማድር።
የመብራት ቆጣሪ፣ የጡረታ ደብተር፣
የጠፋ መታወቂያ፣ የተካደ ብድር፤
አንዱ ገጽ በሃምሳ፤ ለድሃ እቀንሳለሁ፣
ለክፉ አከራይ ግን ጥቂት እጨምራለሁ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ጎረምሳ መጣ፣
ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ኮሌታው የነጣ።
ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ ክላሰር አወጣ፦
«ጋሼ፣ ለምርጫ ነው፤ በአካል ለማይመጣ፣
ለታመመ፣ ለራቀ፣ ከቤት ለማይወጣ።
ሲያመለክት ጊዜ ወረቀት ይላካል፣
እቤቱ ይሞላል፣ በፖስታ ይታሸጋል፣
ተመልሶ መጥቶ ኮሮጆ ይገባል።»

ልክ ነው፣ አልኩ በልቤ፤ ደግ ሕግ ነው በእውነት።
አቶ ባይሳሳው እንኳ፣ ስኳር እግሩን ነስቶት፣
አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት፣
ሁለት ምርጫ አለፈው መስኮት ላይ ቁጭ ባለበት።

«ስንት ነው?» «አርባ ሦስት። ስማቸው እዚሁ አለ።
ምክንያቱን ብቻ ጻፍ። ፊርማውን...» ዝም አለ።
አርባ ሦስት በሃምሳ፤ አእምሮዬ አሰላው፦
ሁለት ሺ መቶ ሃምሳ፣ ኪራዬን የሚዘጋው።
ስለ ፊርማው አልጠየቅኩም።

ጻፍኩ።
«በሕመም ምክንያት»፣ «በመንገድ ርቀት»፣
«በሥራዬ ጠባይ»፣ «በእርግዝና ክብደት»።
ስንቱን አሳመምኩት፣ ስንቷን አስረገዝኳት፣
ደህናውን ጎልማሳ ሞያሌ አደረስኩት፤
ያችው ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ያው እጅ፣ ያው የተጋደመ «ለ»።
አሥራ ሰባተኛው ላይ እጄ ቀጥ አለ።

«ትርንጎ ዘርጋው። ዶሮ ማነቂያ። የቤት ቁጥር ዜሮ አርባ ስድስት።»

የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ከዚያ ከመዝገብ ላይ
ስሟን የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ በቀይ።
ቤቷም አብሯት ሄዷል፤ ሣር ተነጥፎበታል፣
ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ይመላለስበታል።
ፖስተኛው ቢመጣ የቱን በር ያንኳኳል?
«ባለቤቱን ካልናቁ፣ አጥሩን አይነቀንቁ»፤
አጥሩ ከሄደማ፣ ባለቤት ከሌለች፣ ምኑን ነው የሚንቁ?
ስም ብቻ ነው የቀረ፤ ስሙን ነቀነቁ።

«ይቺ ሴትዮ ሞታለች» አልኩት ድምፄን ቀንሼ።
«ታዲያስ! ‹በአካል መቅረብ ስለማልችል› በላ ጋሼ።
ውሸት ነው?»

ሳቅኩኝ።
ዛሬም ድረስ የሚቆጠቁጠኝ ያ ሳቅ ነው።

ወደ ታች ወረድኩኝ ጣቴን አስቀድሜ፤
ሠላሳ አንደኛው ላይ ቁጭ ብሏል ስሜ፦
ይፍሩ አስፋቸው። ስድሳ አራት ዓመት።
ምክንያት የሚለው ላይ ባዶ ነው፣ ነጭ ክፍተት።
በምን ልቅር እንግዲህ? በየትኛው ሕመሜ?
ፖስታ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ በቁሜ!

ክላሰሩን መለስኩ። አልተቆጣም ልጁ፤
አሥራ ስድስቱን ግን ይዟቸዋል በእጁ።
ስምንት መቶ ብር ቆጥሮ ጉልበቴ ላይ ጣለ፣
ሦስት ጃንጥላ አልፎ ቢልልኝ ጋ ዋለ።
(ቢልልኝ ገጹን በአርባ ነው የሚጽፈው።)

ማታ ዕቃ ስንሰበስብ ጠየቅኩት፦
«እኔን ምን አልከኝ?»
«እርጅና» አለ፣ ቀና ሳይል። «ከሕመም ይሻላል ብዬ።»

ሌሊቱን፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ለራሴ ማመልከቻ ጻፍኩ።
ለምርጫ ጽሕፈት ቤት።
ጉዳዩ፦ መኖሬን ስለማሳወቅ።

ጠዋት በአካል ቀርቤ ለመዝገብ ቤቷ ልጅ ሰጠኋት።
አንዴ ወረቀቱን አየች፣ አንዴ ፋይሉን፣ አንዴ እኔን።
«አባባ» አለችኝ፣
ጣቷን በተጋደመው «ለ» ላይ አሳርፋ።